የሰልዋ ፊኛዎች

ከቆቦ ሰው ግማሹ በሰልዋ ሙህሲን እጅ አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአራጌ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ለተነሳው ሁሉ፣ ለተማሪው፣ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጣው የባጃጅ ሹፌር፣ ዓረብ አገር ልትሄድ ለተነሳችው ልጅ፣ ከጀርባቸው ያለውን ግድግዳ እየሰረዘች ነጭ የምታደርግላቸው እሷ ናት። የተጣመመ ኮሌታ ታቀናለች፤ ግንባር ላይ የሚያብረቀርቅ ላብ ትጠርጋለች፤ የቆላ ሙቀት ለፎቶ አይመችምና ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። "ትንሽ ቀላ አድርጊኝ" የሚላትን ግን አትወድም። "አላህ የሰጠህን መልክ እኔ ማን ነኝና እነካዋለሁ?" ብላ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ ትመልሳለች፤ ሰውዬውም መልኩን እንደያዘ ይወጣል።

ፎቶ ቤቱ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ሚኒባሶች ለአላማጣና ለወልድያ ተሳፋሪ ከሚጠሩበት አጠገብ ነው። ባለቤቱ አያ አራጌ በፊልም ካሜራ ዘመን እጁ የተመሰከረለት ፎቶ አንሺ ነበር። ዘመኑ ሲለወጥ ኮምፒውተር ገዛ፤ ገዝቶም ብዙ ጊዜ በጨርቅ ሸፍኖ አስቀመጠው። ማውዙን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰልዋ ያኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ ቤት ተቀምጣለች። እናቷ ዚነት ገበያ ስትወጣ አራጌን አግኝታ፣ "ይቺ ልጅ ከግድግዳ ጋር ልትጣላ ነው፤ እባክህ የሆነ ነገር አስይዝልኝ" ብትለው፣ እሱ ጨርቁን ገለጠና ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣት። ከደሴ የመጣ የተቀዳ ሲዲ ነበረ፤ ፎቶሾፕ የሚሉት ፕሮግራም በውስጡ አለ። አስተማሪ አልነበራትም። እየነካች፣ እያበላሸች፣ ያበላሸችውን ወደ ኋላ እየመለሰች ለመደችው።

የመጀመሪያዋ ፊኛ የተወለደችው በቀልድ ነው። አንድ ቀን የሰርግ ፎቶ ስታስተካክል ታናሽ ወንድሟ ፈሪድ ምሳዋን ሊያደርስላት መጥቶ ከኋላዋ ቆሟል። ፎቶው ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ይቆርሳሉ፤ አንደኛው ሚዜ አፉን ከፍቶ ወደ ሥጋው ያያል። ፈሪድ አየት አደረገና፣ "ኬኩን ተዉትና ሥጋውን ወዲህ በሉ እያለ ነው" አለ። ሰልዋ ሳቋ አልቆም አላት። በሚዜው ራስ አጠገብ ነጭ ሞላላ ክብ ሠራች፤ ከክቡ ወደ አፉ የምትሄድ ቀጭን ጭራ አወጣችለት፤ ወንድሟ ያለውን በውስጡ ጻፈችው። በሥዕል ታሪክ ላይ ከሰዎች አፍ እየወጣ ንግግራቸውን የሚይዘውን ክብ ማለት ነው። ምን እንደሚባል ስላላወቁ ፊኛ አሉት። አያ አራጌ አይቶ፣ "ይኼንንማ ሙሽራው ሊያየው ይገባል" አለ። ሙሽራው አየውና ለዘመድ አዝማድ አሳጥቦ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ ፊኛ የሌለው የሰርግ አልበም የለቅሶ መምሰል ጀመረ።

ፊኛ መሥራት እንደሚታየው ቀላል አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ ክቡን ሠርታ ቃላቱን በግድ ትጠቀጥቅበት ነበር፤ ቃላቱም እንደ ገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፋሪ እጅና እግራቸው ወደ ውጭ ይቀር ነበር። ንግግሩን አስቀድሞ መጻፍ፣ ፊኛውን በኋላ በልኩ ማልበስ እንዳለባት የገባት ቆይቶ ነው። የአማርኛው ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ የሚስማማው የፊደል ዓይነት ካልተመረጠለት ፕሮግራሙ "ሀ"ንም "ለ"ንም ባዶ ሣጥን ያደርገዋል። ጭራዋም አደገኛ ናት። አንድ ጊዜ ትንሽ ሸርተት ብላ፣ ሥጋ የሚለምነው የሙሽራዋ አባት ሆኖ ተገኘና ቤተ ዘመድ በሙሉ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጣ። አያ አራጌ እጅ ነስቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ አልበሙን እንደ አዲስ አሠርቶ አስታረቀ።

ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ማን መለሰ የሚለው በፊኛዎቹ አቀማመጥ እንደሚለይም ኢንተርኔት ላይ ካገኘችው ትምህርት አወቀች። ቀድሞ የሚናገረው በግራ፣ የሚመልሰው በቀኝ። ይህቺን ደንብ አጥብቃ ያዘቻት። ኋላ ጉድ የሠራቻት ይህቺው ደንብ ናት።

ስማርት ስልክ በቆቦ ሲበዛ ሰልዋና ፈሪድ የግመሉንና የባጃጁን ታሪክ ጀመሩ። ሰልዋ ሥዕሉን ፎቶ ላይ ተመርኩዛ ትሠራለች፤ ፊኛዎቹን ታሰናዳለች። ቃሉን የሚያመጣው ፈሪድ ነው። ከአፋር በኩል ዕቃ ጭኖ የመጣ ሽማግሌ ግመል መንገድ ላይ አዲስ ባጃጅ ይገጥመዋል። ባጃጁ፣ "ዞር በል፤ እኔ ዘመናዊ ነኝ" ይላል። ግመሉ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ "ዘመናዊነትህንማ ትናንት ነዳጅ አልቆብህ ሲገፉህ አይቻለሁ" ይመልሳል። ይህቺን ፌስቡክ ላይ የለጠፏት ቀን ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለ የባጃጅ ነጂ ሁሉ እየተቀባበለ ሳቀባት። ፈሪድ መንገድ ላይ ሲያልፍ "ግመሉ መጣ" ይሉት ጀመር። ልጁ ወሬ ተሰጥቶታል፤ እሱ ባለበት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው የለም። ሰልዋ ብቻዋን ቃል ልታወጣ ስትሞክር ግን የቀበሌ ስብሰባ ንግግር ይሆንባታል፤ ይህንን ራሷም ታውቃለች።

በ2007 ክረምት ዝናቡ ቀረ። የአባታቸው የሙህሲን ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ፤ ከብቱ ከሳ፤ የሰዉም ጨዋታ አብሮ ከሳ። ከዚያ በፊትም ወጣቱ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ለመግባት ይወጣ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ከየሰፈሩ ተጠራርጎ የሚሄድ መሰለ። የፈሪድ የልብ ጓደኛ ሰላሁዲን ከሄደ ቆይቷል። ከባሕሩ ዳር ሆኖ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ፈሪድ ይህን ሲጠይቁት፣ "ስልኩ ጠፍቶበት ነው" ይላል። ድምፁ ስለጠፋ ልጅ ሁሉ ሰዉ የሚለው ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ፈሪድ ከደላላ ጋር ተነጋግሮ መጣና ለአባቱ ሐሳቡን ነገረው። ሰልዋ ተቆጣች።

"እዚህ ምን ጎደለህ?" አለችው።

"እዚህማ ምንም አልጎደለም፤ ያለ ነገር ነው የጠፋው" አላት። "እስከ መቼ ተቀምጬ ግመል ላናግር?"

አንድ ነገር ብቻ ይዞት ነበር። እዚያ ሰፈር ልጅ ያለ አባቱ ዱዓ ሩቅ መንገድ አይወጣም። አባት ጎረቤት ሰብስቦ ይመርቃል፤ ጎረቤት አሚን ይላል፤ ልጁ የአባቱን ጉልበት ስሞ ይነሳል። ፈሪድ በብዙ ነገር ቀልደኛ ነው፤ በዚህ ግን አይቀልድም። ሙህሲን ደግሞ፣ "ልቤ አልቆረጠም፤ ቆይ" እያለ ያዘገየዋል። የሰልዋ ተስፋ ያቺ "ቆይ" ነበረች። አባቷ "አይሆንም" ካለ ፈሪድ ይቀራል፤ ዱዓ ካደረገ ፈሪድ ይሄዳል። ነገሩ ይህንኑ ያህል ቀላልና ይህንኑ ያህል ከባድ ነበር።

ሴት ልጅ አባቷ ፊት ተቀምጣ "ይህን አድርግ፣ ያንን ተው" አትለውም። ሰልዋም አላለችውም። የምታውቀውን ሥራ ሠራች። ከፈሪድ ተደብቃ አራት ሥዕል አዘጋጀች። በመጀመሪያው ሥዕል ጉንጩ የሞላ ወጣት በሬዎቹ አጠገብ ቆሟል፤ እናቱ "ልጄ፣ ቤታችን ሙሉ ነው" ትለዋለች። በሁለተኛው ወጣቱ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ወድቋል። በሦስተኛው ጀልባ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ አንዱ "ከተሻገርን ያልፍልናል" ይላል። በአራተኛው ወጣቱ አጥንቱ ገጥጦ ባዶ ግቢ ውስጥ ቆሞ "ባዶ እጄን ነኝ" ይላል። የበረሃው ፊኛ ነበር ያስቸገራት። ሆዷ ስለተቃጠለ ብዙ ጻፈችበት፤ "ወይኔ፣ የደላላን ወሬ ሰምቼ፣ የወላጆቼን ምክር ንቄ፣ በዚህ ጠፍ ምድር በውሃ ጥም ልጠፋ ነው፤ እናንተ ወጣቶች ከእኔ ተማሩ" ይላል። እንዲገጥምላት ፊደሉን ጉንዳን አሳከለችው። አራቱንም በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ደርድራ፣ በረዥም ወፍራም ወረቀት አትማ፣ ጠዋት ለአባቷ ሰጠችው።

"አባዬ፣ ልብ ብለህ እየው" ብላው ወደ ሥራዋ ሮጠች። አጠገቡ ቆማ ማስረዳቱን አፍራው ነው።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቶች ጥላው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሰፈሩ ሸህ በድረዲን በመካከላቸው አሉ፤ ፈሪድ አባቱ ፊት ተንበርክኳል። ሙህሲን ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ "መንገድህን ያቅናልህ። ከክፉ ይጠብቅህ። ከሙሉ ቤት ያድርስህ" ይላል። ጎረቤቱ በአንድ ድምፅ "አሚን" አለ። ሰልዋ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እናቷ ዚነት ከቤቱ ጥግ ሆና በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች።

ሰዉ ሲበተን ሰልዋ አባቷ ዘንድ ቀረበች። "አባዬ፣ ሥዕሉን አላየኸውም?"

"እሱ አይደል ልቤን ያስቆረጠኝ" አላት ሙህሲን። ፊቱ ላይ እፎይታ ይነበብ ነበር። "ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩበትን ነገር አንቺ በአንድ ወረቀት ገላገልሽኝ። አላህ ይስጥሽ።"

ወረቀቱን ካጠገቡ አነሳና ጣቱን ከቀኝ ጫፉ ላይ አሳረፈ። "ይኸው፣ ልጁ አጥንቱ ገጥጦ ባዶ እጁን ነው፤ እንደኛ። ተነሳ። ጀልባ ላይ ወጣ፤ ከተሻገርን ያልፍልናል አለ። በረሃው ትንሽ አደከመው፤ እዚህ የተጻፈው ለዓይኔ ደቆብኝ ተውኩት። ከዚያ ደግሞ ተመልከቺ፤ ጉንጩ ሞልቷል፣ በሬ ገዝቷል፣ እናቱም ቤታችን ሙሉ ነው አለችው።" ጣቱ ግራው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

ሰልዋ አሁን ገባት። አባቷ በልጅነቱ የተቀመጠው ቁርኣን ቤት ነው። አማርኛውን ያወቀው ጎልምሶ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ፊደል እየለቀመ ነው። መጽሐፍ ማለት ለእሱ እንደ ዓረብኛው ከቀኝ የሚገለጥና የሚነበብ ነገር ነው፤ ሥዕሉንም ከዚያው ጀመረው።

"አባዬ፣ እሱ የሚጀመረው ከዚህ ወገን ነበር" አለች ግራውን እያሳየች። 

ሙህሲን ቀና ብሎ አያት። "ከግራ?"

"አዎ።"

"በቀኝ እጃችን እንበላለን። መስጊድ በቀኝ እግራችን እንገባለን። ወሬ ሲሆን ጊዜ ከግራ ይጀመራል?" ተቆጥቶ አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው። ከዚያ ግን ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠ። "በይ፣ ከየትም ይጀመር። ጎረቤት አሚን ብሏል። ዱዓ እንደ ሸሚዝ አውልቄ የምመልሰው ነገር አይደለም።"

ሰልዋ ራሷን ረገመች። በኮምፒውተሩ ላይ የተሳሳተውን ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ አለ፤ ለዚህኛው ግን የለም። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ፈሪድን ለመያዝ የሠራችው ገመድ ራሱ ስንቅ ሆኖ ሊሸኘው መሆኑ ነው። ከጁምዓ በኋላ ይነሳል ተባለ።

በማግሥቱ ፎቶ ቤት ገብታ ሥዕሎቹን ከፈተች። ብታለቅስ ደስ ባላት፤ ግን ሥራ ይዟት ነበር። ከግራ ብትጀምረው አባቷ ከቀኝ ያነበዋል፤ ከቀኝ ብትጀምረው የቀረው ሰው ከግራ ያነበዋል። እጇ ማውዙ ላይ እንዳለ ስልኳን አየች። ሰው ስልክ ላይ ሲያነብ ወደ ጎን አይሄድም፤ በአውራ ጣቱ እየገፋ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ዝናብም ሲመጣ ከላይ ነው፤ ሰውም ሲያይ ከራስ ይጀምራል። በዚህ ላይ ከቀኝ የሚያነቡት ሸህ በድረዲንም ከግራ የሚያነበው አያ አራጌም አይጣሉም። አራቱን ሥዕሎች አንዱን ካንዱ ሥር ሰቀለቻቸው፤ የእያንዳንዱን ፊኛ ከተናጋሪው ራስ በላይ አወጣችው።

እየሠራች ሳለ ፈሪድ ገባ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩን ተቆርጧል።

"ፎቶ አንሺኝ" አላት። "ለእማዬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ስሄድ እንዳትረሳኝ።"

አያ አራጌ መብራቱን አበራ። ፈሪድ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፈገግ አለ፤ ተነሳ። ከዚያ እንደ ልማዱ ከእህቱ ኋላ መጥቶ ቆመ። ሰልዋ ሥዕሉን ልትሰውረው ፈልጋ ነበር፤ ተወችው። እሱ ከላይ ጀምሮ ዝቅ እያለ አየ።

"ይሄ ነው አባዬን ያስመረቀው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ የበረሃው ላይ ሲደርስ ፊኛውን ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር። "'የወላጆቼን ምክር ንቄ፣ በዚህ ጠፍ ምድር...' ኧረ በአላህ፣ ማነው እንዲህ የሚናገር? የተጠማ ሰው ነው ወይስ የወረዳ ካድሬ?"

"አንተ ታውቃለህ መቼም" አለች ሰልዋ። አንገቷን አላዞረችም። "ቃል ያንተ ሥራ ነው። ምን ይበል?"

ፊኛው ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰረዘች። ነጩ ክብ ባዶውን ቀረ፤ ጭራው ወደ ወጣቱ አፍ ያመለክታል።

ፈሪድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሥራ ሲሰጡት ደስ ይለዋል። "እንዲህ ይበል..." አለና አሰበ። "ግመሉ በነበረ... አይ፣ ይቺ አትሆንም።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ውሃ ስጡኝ ይበል። ለማን ነው ግን የሚለው? ሰው የለም አጠገቡ።" ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ የወጣቱን ፊት አየ፤ ግንባሩን፣ በአንድ በኩል የታጠፈውን ኮሌታ።

"ሰላሁዲን ነው እንዴ ይሄ?"

ሰልዋ ደነገጠች። ፊቱን ስትሠራ የተመረኮዘችው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባገኘችው የወጣት ጉርድ ፎቶ ላይ ነው፤ ሰላሁዲን ከመሄዱ በፊት የተነሳው ነበር። ማንንም ለማስደንገጥ አልነበረም፤ ዕድሜው ስለሚመጥን ነው የወሰደችው። ኮሌታውን ቀጥ እንድታደርግለት ጠይቋት እንደረሳችውም አሁን ትዝ አላት።

"ፎቶው ላይ ነው የሠራሁት" አለች ቀስ ብላ። "ሌላ ፊት ላድርግለት?"

ያ ወሬ የማያልቅበት ልጅ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተ። ውጭ የሚኒባሱ ረዳት "አላማጣ፣ አላማጣ" እያለ ይጮሃል። አያ አራጌ የካሜራውን መስታወት የሚጠርግ መስሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ሰልዋ ወንድሟን ቀና ብላ ስታየው ዓይኑ ሞልቷል።

"ስልኩ ጠፍቶበት ነው ስል ከርሜ" አለ ፈሪድ። ከዚያ በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ። "የተጠማ ሰው አይናገርም፣ ሰልዋ። ፊኛውን አጥፊው።"

አጠፋችው። አራቱ ሥዕሎች ሦስት ፊኛ ብቻ ይዘው ቀሩ።

ቤት አብረው ገቡ። ሙህሲን ከሸህ በድረዲን ጋር ጥላው ሥር ተቀምጦ ነበር። ፈሪድ ሥዕሎቹን የጫኑበትን ስልኩን በገዛ እጁ ለአባቱ አቀበለ። "አባዬ፣ እህቴ እንደገና ሠርታዋለች። አንብበው።"

የሙህሲን ጣት በልማዱ ወደ ቀኙ ጠርዝ ሄደች። እዚያ ምንም የለም፤ ሥዕሉ አንድ ብቻ ነው። ሰልዋ አውራ ጣቱን ይዛ ወደ ላይ ስትገፋለት ሁለተኛው ከሥር ብቅ አለ። "ቤታችን ሙሉ ነው" የሚለውን አንብቦ ወደ በረሃው ወረደ፤ ቆመ። ፊኛ ፈለገ፤ አጣ።

"ይሄ ልጅ ለምን አይናገርም?"

"ውሃ የለውም፣ አባዬ" አለ ፈሪድ።

ሙህሲን ወደ ጀልባው ወረደ፤ ከዚያ አጥንቱ ወደ ገጠጠው ልጅ። "ባዶ እጄን ነኝ" የሚለውን ፊደል በፊደል ለቀመው። ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ፤ እንደገና ወረደ። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አባት ነው፤ ልጁን በገዛ አፉ ወዴት እንደመረቀው አሁን ገብቶታል።

"ከጭራው ነው የያዝኩት ለካ" አለ በመጨረሻ። "ሸህ በድረዲን፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል? አሚን ብላችኋል።"

ሸህ በድረዲን ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ፈሪድ ቀድሟቸው ተናገረ። "አልሄድም አባዬ። ዱዓውን ግን አትመልስብኝ።"

የሙህሲን ፊት ቀስ እያለ ተፈታ። "ምን ብዬ የምመልሰው አለ? መንገድህን ያቅናልህ፣ ከሙሉ ቤት ያድርስህ ነው ያልኩት። ቤቱ የት እንደሆነ ለአላህ አልነገርኩትም።" ዙሪያውን የደረቀውን ግቢ፣ የከሱትን ከብቶች አየ። "እህሉ ጎድሏል፤ አውቃለሁ። ሰዉ ግን ሙሉ ነው።"

ሸህ በድረዲን "አሚን" አሉ፤ ትንሽ ቆዩና ሳቁ። ሰልዋ ወደ ጓሮ ዞራ አለቀሰች። በዚያ ሳምንት ያላለቀሰችውን ሁሉ ነው ያለቀሰችው።

ፈሪድ በተከታዩ በጋ ከዋጃ መንገድ ወዲህ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት ከሚያለሙ ሰዎች ጋር ገባ። እጁ ውሃ ቋጠረ፤ ወገቡ ታመመ፤ ስለ ወገቡም ግመሉን በፊኛዎቹ ብዙ አናገረው። የበረሃው ሥዕል ከላይ ወደ ታች እየተገፋ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። ሰዎች ለምን ፊኛ እንደሌለው እየጠየቁ ይጽፉ ነበር፤ ለአንዱም አልመለሱም። የሰላሁዲን እናት አሁንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ታነሳለች። ሙህሲን አዲስ ሥዕል ሲሰጡት ጣቱ ዛሬም መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ከዚያ ራሱ ይስቅና ወደ ላይ ይመልሳታል።

ያቺ ለግድግዳ የታሰበች የፈሪድ ፎቶ ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከርማ ነበር። አያ አራጌ ነው ያስታወሳት። ሰልዋ በትልቁ አሳጠበቻት፤ ከማሳጠቧ በፊት ግን ከወንድሟ ራስ በላይ አንድ ፊኛ ሠርታ ምን ልጻፍበት ብላ ጠየቀችው። እሱ ከማሳው እንደመጣ ጭቃውን ሳያራግፍ ነገራት። ፎቶዋ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቀለች።

ዚነት ማንበብ አትችልም። አመሻሹ ላይ ፈሪድ ከፎቶው ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሳለ፣ "ምን እያለ ነው?" ብላ ልጇን ጠየቀቻት።

"'እማዬ፣ እራት ደርሷል?' ነው የሚለው" አለቻት ሰልዋ።

ዚነት ፎቶውን አየች፤ ከዚያ ከፎቶው ሥር ያለውን ልጇን አየች።

"ደርሷል በሉት" አለች።